ከደም መድኃኒትን ስለማውጣት፦ የጎደለው አምፌታሚን የት ገባ?

ጥያቄ፦ «በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ በአንድ የፎረንሲክ ቶክሲኮሎጂ ላቦራቶሪ ሥራ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ከደም ውስጥ መድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅ ለማውጣት ፕሮቲንን በአሴቶናይትራይል ማዝቀጥ፣ በፈሳሽ አሟሚ ማውጣት እና በጠጣር ኮለም ማውጣት የሚባሉ ሦስት መንገዶች እንዳሉ ተምሬያለሁ። ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? በፈሳሽ አሟሚ ስሠራ የጨመርኩትን ዳያዜፓም ከሞላ ጎደል በሙሉ መልሼ አገኘዋለሁ፤ ከአምፌታሚን ግን ሲሶውን እንኳ አላገኝም። ስህተቴ ምን ላይ ነው?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ የአምፌታሚኑ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊመለስ ይችል ነበር። ይሁንና ምክንያቱን ከሥሩ ካላዩት ነገ ሌላ መድኃኒት በሌላ በር ሲወጣብዎ እንደገና ግራ መጋባትዎ አይቀርም፤ ስለዚህ ከደሙ ከራሱ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ።

በአንድ ሚሊ ሊትር ሙሉ ደም ውስጥ ሄሞግሎቢኑና የፕላዝማው ፕሮቲን ተደምረው ወደ 0.2 ግራም ይጠጋሉ። የምንፈልገው ነገር ፌንታኒል የተባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ቢሆን በዚያው አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ የሚገኘው 2 ናኖግራም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮቲኑ ከመድኃኒቱ መቶ ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። በዚያ ላይ ኮሌስትሮሉ፣ ፎስፎሊፒዱ (የሕዋስ ሽፋን ስብ) እና ጨዉ አለ። መድኃኒቱም ቢሆን በደሙ ውስጥ ነፃ ሆኖ አይንሳፈፍም፤ ለምሳሌ ዳያዜፓም 98 በመቶ ያህሉ በፕላዝማ ውስጥ ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ትኩስ ደም ተቀብሎ ፕላዝማውን ለይቶ ይሠራል። ለእኛ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕዋሳቱ የፈረሱበት፣ የረጋ፣ አንዳንዴም መበስበስ የጀመረ የአስከሬን ደም ነው። አስከሬን ሲበሰብስ ፌኒልኢታይልአሚንን የመሰሉ አሚኖች የሚፈጠሩ ሲሆን፣ እነዚህ በቅርጻቸው ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረቡ በመሆናቸው የመጀመሪያውን የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ሊያሳስቱት ይችላሉ። የማውጣት ሥራ ዓላማው እንግዲህ መድኃኒቱን መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን ከእሱ ጋር ተመሳስሎ የሚመጣውንም በተቻለ መጠን ወደ ኋላ ማስቀረት ነው።

የዚህ ሥራ መሠረት የተጣለው በቤልጂየም በአንድ የግድያ ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1850 ኢፖሊት ቪዛር ደ ቦካርሜ የተባለ ባላባት የሚስቱን ወንድም ጉስታቭ ፉኚን በመኖሪያ ቤቱ ገደለው፤ መርዙም ከትምባሆ ቅጠል ራሱ አጥልሎ ያዘጋጀው ኒኮቲን ነበር። በዚያ ዘመን ከዕፅዋት የሚገኝ መርዝ አንዴ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ለይቶ ማውጣት የሚያስችል አስተማማኝ ዘዴ አልነበረም። ኬሚስቱ ዣን ሰርቬ ስታስ የሟቹን የአካል ክፍሎች በአልኮልና በአሲድ ዘፍዝፎ አጠለላቸው፤ ቀጥሎም አልካሊ ጨምሮ በኢተር ሲያናውጠው ኒኮቲኑ ወደ ኢተሩ ወጣ፤ ኢተሩ ሲተንም መርዙ ከነሽታው ቀረ። ቦካርሜ በ1851 በጊሎቲን ተቀጣ። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ዩሊየስ ኦቶ ዘዴውን ጥቂት ቆይቶ ስላሻሻለው እስከ ዛሬ የስታስ እና ኦቶ ዘዴ ይባላል። እርስዎ በላቦራቶሪዎ በፈሳሽ አሟሚ የሚሠሩት ሥራ፣ የአሟሚው ዓይነትና የመሣሪያው ስም ተለወጠ እንጂ፣ ያው የስታስ ሥራ ነው።

ስታስ አልካሊውን የጨመረበት ምክንያት የጥያቄዎ ግማሽ መልስ ነው። የኤሌክትሪክ ቻርጅ የያዘ ሞለኪውል ውሃን ይመርጣል፤ ቻርጅ የሌለው ደግሞ እንደ ኢተር ያለውን አሟሚ ይመርጣል። እያንዳንዱ መድኃኒት ፒኬኤ የሚባል የራሱ ቁጥር አለው፤ ይኸውም ከሞለኪውሎቹ እኩሌታው ቻርጅ ይዞ እኩሌታው ሳይዝ የሚገኝበት የፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) መጠን ነው። አምፌታሚን ቤዝ፣ ማለትም የአልካሊ ጠባይ ያለው፣ ሲሆን ፒኬኤው 9.9 ገደማ ነው። በደም ተፈጥሯዊ ፒኤች፣ ማለትም በ7.4፣ ቻርጅ የሌለው አምፌታሚን ከሺህ ሦስት ያህሉ ብቻ ነው፤ ፒኤቹ ወደ 12 ሲጠጋ ግን 99 በመቶው ቻርጁን ይጥላል። ከዚህ የሚገኘው የሥራ ሕግ አጭር ነው፦ ለቤዝ መድኃኒት ፒኤቹን ከፒኬኤው በሁለት ቁጥር ከፍ ማድረግ፣ ለአሲድ መድኃኒት በሁለት ቁጥር ዝቅ ማድረግ። ፒኬኤው 7.4 አካባቢ የሆነው ፌኖባርቢታል አሲድ ስለሆነ ከ5.5 በታች ሲወርድ ወደ አሟሚው ይሄዳል። ዳያዜፓም ፒኬኤው 3.4 በመሆኑ ከመለስተኛ አሲድ ጀምሮ እስከ አልካሊ ድረስ ቻርጅ አይዝም፤ በዚህ ክልል ውስጥ በማንኛውም በፈር (ፒኤችን አጽንቶ የሚይዝ ፈሳሽ) ቢሠሩት ይወጣል ማለት ነው፤ ስለዚህም የዳያዜፓምዎ ውጤት መልካም መሆን ዘዴዎ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ለአስቸጋሪነቱ ደግሞ ሞርፊንን የሚያህል ጥቂት ነው፤ በአንድ ሞለኪውል ላይ አሚንም ፌኖልም ስላለው ፒኤቹ ሲወርድም ሲወጣም ቻርጅ ይይዛልና፣ ከ9 ብዙ ሳይርቁ ጠባቡን ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል።

በተግባር ሲሠራ ሂደቱ እንዲህ ይመስላል። በ1 ሚሊ ሊትር ደም ላይ አስቀድሞ ኢንተርናል ስታንዳርዱ (መጠኑ የታወቀ መነጻጸሪያ ንጥረ ነገር) ይጨመርና ከፕሮቲኑ ጋር ሚዛኑን እስኪያገኝ ጥቂት ይቆያል፤ ቀጥሎ በፈር፣ ከዚያም አምስት ሚሊ ሊትር ያህል ኖርማል ቡታይል ክሎራይድ ወይም ሜቲል ተርሺያሪ ቡታይል ኢተር ይጨመራል። ቱቦውን በዝግታ እየተገለባበጠ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በሚያዞር መሣሪያ ላይ ማድረግ እንጂ በኃይል መናጥ አይገባም። ወተት በቅል የሚናጠው ቅቤው እንዲሰበሰብ ነው፤ ደም ከአሟሚ ጋር ሲናጥ ግን የሚገኘው እንደ አጓት የማይለይ አረፋማ ድብልቅ ነው፤ መድኃኒቱም እዚያ ውስጥ ይታሰራል። ይህ ከደረሰ ጥቂት ጨው ጨምሮ እንደገና በሴንትሪፊዩጅ ማዞር ብዙውን ጊዜ ይረዳል። የታችኛውን የደም ክፍል በማቀዝቀዣ አግግሮ ላዩን መገልበጥም ንጹሕ ዘዴ ነው፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለት አሟሚዎች ከውሃ ስለሚቀሉ ከላይ ይሆናሉ፤ ክሎሮፎርምና ዳይክሎሮሜቴን ግን ስለሚከብዱ ወደ ታች ይወርዳሉ። እኔ በጀማሪነቴ ዘመን፣ እንደ ልማዴ የላዩን ወስጄ የታቹን ወደ ቆሻሻ ዕቃ ደፋሁት፤ የዚያን ቀን የተጠቀምኩት ክሎሮፎርም መሆኑ ትዝ ያለኝ ቱቦው ከታጠበ በኋላ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንዲሉ፣ ደግነቱ ለልምምድ የተዘጋጀ ደም ነበር እንጂ የፍርድ ቤት ናሙና ቢሆን ኖሮ የሚተካው አልነበረም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ውጤቱ ተነብቦ ሳያልቅ አንድም ንብርብር አልደፋም።

አሟሚው መድኃኒቱን ይዞ ሲወጣ ስብና ኮሌስትሮልም ይከተሉታል። ለቤዝ መድኃኒቶች መፍትሔው መመለስ ነው፦ አሟሚውን በትንሽ ቀጭን የሰልፈሪክ አሲድ ሲያገላብጡት መድኃኒቱ ቻርጅ ይዞ ወደ አሲዱ ይሻገራል፣ ስቡ ግን በአሟሚው ውስጥ ይቀራል፤ አሲዱን እንደገና አልካሊ አድርገው በአዲስ አሟሚ ሲያወጡት የሚያገኙት ነገር ለጋዝ ክሮማቶግራፊ (ንጥረ ነገሮችን በጋዝ እያሳለፈ ለሚለያይ መሣሪያ) የሚመች ንጹሕ ነው። ሥራው ይረዝማል፤ በየደረጃውም ጥቂት ይጠፋል፤ ሆኖም ለበሰበሰ ደም ከዚህ የተሻለ ርካሽ ዘዴ አላውቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማድረቁ ነው፤ የእርስዎም አምፌታሚን በአብዛኛው ዕድል የጠፋው እዚህ ነው። አምፌታሚን ቻርጁን ጥሎ በአሟሚ ውስጥ ሲሆን የሚተን ዘይት መሰል ነገር ነው፤ አሟሚውን በናይትሮጂን ሲያደርቁት እሱም አብሮ ይነፍሳል፤ የመጨረሻዋ ጠብታ ከደረቀች በኋላ በምድጃው ላይ በሚቆይበት እያንዳንዱ ደቂቃ ደግሞ የቀረውም ይሄዳል። ዳያዜፓም በዚህ ሙቀት አይተንም፤ ልዩነቱም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከማድረቅዎ በፊት አንድ በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ሜታኖል ከ50 እስከ 100 ማይክሮሊትር ይጨምሩ፤ አምፌታሚኑ ወደ ጨውነት ስለሚለወጥ አይተንም፤ ሙቀቱንም ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አያሳልፉ፤ እንደደረቀም ወዲያው ያንሱት። ሜታምፌታሚንም እንዲሁ ነው።

ከዚሁ ቤተሰብ ለእኛ አገር ሠራተኛ ልዩ ትኩረት የሚያሻው ካቲኖን ነው። የጫት ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን መሆኑ የታወቀው በ1970ዎቹ አጋማሽ በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክስ ላቦራቶሪ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ አነቃቂ እንደሚለወጥ ገበያተኛውም በራሱ መንገድ ያውቀዋል፤ ትኩስ ጫት የሚወደደውም ለዚህ ነው። በላቦራቶሪም ጠባዩ ያው ነው፤ በአልካሊ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቁና ካቲኖን መሆናቸው ይቀራል። ስለዚህ ለአምፌታሚን ጥሩ የሆነውን ከፍተኛ ፒኤች ለካቲኖን ሲጠቀሙበት ፍጥነት ያስፈልጋል፤ አልካሊ ተጨምሮበት ለምሳ የሚተው ቱቦ ሊኖር አይገባም። ከደሙ ካቲን ብቻ ተገኝቶ ካቲኖን ቢጠፋ፣ ሰውነት ካቲኖንን ራሱ ወደ ካቲንና ወደ ኖርኤፌድሪን የሚለውጠው ስለሆነ ሰውየው ጫት አልቃመም ለማለት አያስችልም፤ ይህንን ሪፖርት በሚጽፉበት ጊዜ እንዳይዘነጉት።

በጠጣር ኮለም ማውጣት የሚባለው ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ሥርዓታማ ነው። እኔ ለፎረንሲክ ደም የምመርጠው ሁለት ጠባይ ያለውን ኮለም ነው፤ የሲሊካው ገጽ በአንድ በኩል ዘይት ወዳድ ሰንሰለት፣ በሌላ በኩል አሉታዊ ቻርጅ ያለው ቡድን ተተክሎበታል። ደሙ በፎስፌት በፈር ወደ ፒኤች 6 ተደርጎ ሲያልፍበት ቤዝ መድኃኒቱ በቻርጁ ይያዛል፣ አሲዱና ገለልተኛው በሰንሰለቱ ይያዛል፤ ፕሮቲኑና ጨዉ ያልፋሉ። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ በሄክሴንና በኢታይል አሴቴት ገለልተኞቹና አሲዶቹ ይወጣሉ፤ ቀጥሎ ሜታኖል ሲያልፍበት ቤዙ በቻርጁ ተይዞ ስለሚቀር ቆሻሻው ብቻ ይታጠባል፤ በመጨረሻም ዳይክሎሮሜቴን፣ አይሶፕሮፓኖልና አሞኒያ በ78፣ በ20 እና በ2 መጠን የተቀላቀሉበት ፈሳሽ ቤዙን ፈትቶ ያወርደዋል። አሞኒያው በየቀኑ አዲስ መዘጋጀት አለበት፤ የትናንቱ በጠርሙሱ ውስጥ እያለ ይተንና ቤዙ ኮለሙ ላይ ተቆልፎ ይቀራል፤ ሠራተኛውም ኮለሙን ይራገማል። ዋጋው ውድ ነው፤ የረጋ ደምም ይደፍነዋል። ስለዚህ ደሙን ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ በበፈር ማቅጠን፣ ማናወጥ፣ በሴንትሪፊዩጅ አዙሮ ላዩን ብቻ ማሳለፍ ይገባል፤ ሆኖም ከታች በረጋው ክምችት ውስጥ ተይዞ የሚቀር መድኃኒት እንዳለ መፈተሽን ይጠይቃል።

አሴቶናይትራይል ጨምሮ ፕሮቲንን ማዝቀጥ በአሁኑ ጊዜ ከሁሉም ይልቅ የሚወደደው ፈጣን ስለሆነ ነው፤ ለአንድ እጅ ደም ሦስት እጅ የቀዘቀዘ አሴቶናይትራይል ይበቃል። እዚህም ቢሆን ትንሽ ጥበብ አለ፤ ደሙ ወደሚሽከረከረው አሴቶናይትራይል በጠብታ ሲገባ ፕሮቲኑ እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ አሴቶናይትራይሉ በደሙ ላይ በአንዴ ሲደፋ ግን እንደ አይብ ጎጥ ይሠራና መድኃኒቱን በውስጡ ይዞ ይቀራል። ይሁንና በዚህ ዘዴ የወጣው ፈሳሽ ንጹሕ መስሎ ይታያል እንጂ ፎስፎሊፒዱ አብሮ አለ። በሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ (በፈሳሽ እያሳለፈ በሚለያይ መሣሪያ) እና በማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ) ሲነበብ ፎስፎሊፒዱ ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ጊዜ ከወጣ የመድኃኒቱን ምልክት ያፍነዋል፤ መሣሪያውም ያለውን የለም ይላል። የተለየ መድኃኒት በታወቀ ከፍተኛ መጠን ሲፈለግ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ስሙ ያልታወቀ መርዝ ስፈልግ ግን አልደገፍበትም።

ዳያቶማዊ አፈር በተሞላ ኮለም ላይ ደምን በመምጠጥ አሟሚን በላዩ ማሳለፍ የሚባለው ዘዴ የፈሳሹ ዘዴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የፒኤቹ ሕግ ሳይለወጥ አረፋማው ድብልቅ ብቻ ይቀራል። በ2003 ለአትክልትና ፍራፍሬ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት ምርመራ የተፈለሰፈው፣ ካቸርስ በሚል ስም የሚታወቀው የጨውና የአሴቶናይትራይል ዘዴም ወደ ደም ተሻግሯል፤ የተባይ ማጥፊያ መርዝ በተጠረጠረበት ጉዳይ ከሁሉ ቀድሞ የማስበው እሱን ነው። ኢታኖልና ሜታኖል ደግሞ ጨርሶ ማውጣት አያስፈልጋቸውም፤ ደሙ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ይሞቅና በላዩ ያለው አየር ተወስዶ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይነበባል።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል ላሉት፣ መልሱ ከደሙ የሚጠየቀውን ጥያቄ ይከተላል። የሞት መንስኤው ያልታወቀ ከሆነ ሰፊ መረብ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የፒኤች 9 የፈሳሽ ዘዴ ወይም ሁለት ጠባይ ያለው ኮለም ይሻላል፤ አሲዶቹን ለመያዝም ሁለተኛ ክፍል በአሲድ ይሠራል። የታወቀ መድኃኒት መጠኑ ብቻ ሲፈለግ ለዚያ መድኃኒት የተፈተሸ አጭር መንገድ በቂ ነው። የናሙናው መጠን ውስን ስለሆነ ምርጫው ከመሣሪያው ይልቅ በቀረው ደም ይወሰናል፤ ለድጋሚ ምርመራና የተከሳሽ ወገን ለሚያቀርበው ባለሙያ የሚሆን ክፍል ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ደሙ የተወሰደበት ቦታና ቱቦውም እንዲሁ መታየት አለባቸው፤ ደሙ ከጭኑ የደም ሥር ሳይሆን ከልብ ተወስዶ ከሆነ፣ ከሞት በኋላ መድኃኒት ከሌሎች የአካል ክፍሎች ወደዚያ ስለሚሰርግ በጥንቃቄ የወጣው ቁጥር ራሱ ያሳስታል። ሶዲየም ፍሎራይድ የሌለበት ቱቦ ከሆነ ደግሞ ኮኬይኑ በደሙ ኤንዛይም ተፈረካክሶ ሊጠብቀን ይችላል፤ ይህንን የትኛውም ኮለም አይመልሰውም።

ዝቅተኛ ተመላሽ (ከተጨመረው መልሶ የሚገኘው ድርሻ ማነስ) በራሱ ሁልጊዜ ጥፋት እንዳልሆነም ልጨምር። ዴዩቴሪየም (ከባድ ሃይድሮጂን) የያዘ አምፌታሚንን ኢንተርናል ስታንዳርድ አድርገው ከመጀመሪያው ቢጨምሩት፣ እሱም በዚያው መጠን ስለሚጠፋ ንጽጽሩ ትክክለኛውን ቁጥር ይሰጣል። አደጋው ጉድለቱ እየጨመረ ሄዶ ዝቅተኛ መጠን ያለበት ናሙና ከመሣሪያው ዓይን በታች ሲወርድ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኢንተርናል ስታንዳርዱም ቢሆን አያድነውም።

አሁን ወደ ጠረጴዛዎ እንመለስ። እኔ ቱቦዎን ሳላይ ተናገርኩ እንጂ መፈተሹ የእርስዎ ነው፤ አፈታተሹም ማቱሼቭስኪና ባልደረቦቹ በ2003 ባሳዩት አቀማመጥ በቀላሉ ይሠራል። ከመድኃኒት ነፃ የሆነ ደም ይውሰዱ፤ ከደም ባንክ ጊዜው ያለፈበት ደም ካገኙ ይበጃል፤ ካፌይን ግን አይጠፋበትም፤ በቡና አገር ከካፌይን የጸዳ ደም እስኪገኝ ከጠበቁ ሥራው አይጀመርም፤ እኔ እንዲያውም ካፌይኑ ሲታይ ማውጣቱ መሥራቱን አይበታለሁ። ከዚያም ሦስት ስብስብ ያዘጋጁ፦ በመጀመሪያው ባዶው ደም ተወጥቶና ደርቆ ካለቀ በኋላ አምፌታሚኑ በመጨረሻው ማሟሚያ ውስጥ ይጨመር፤ በሁለተኛው ከመድረቁ በፊት በአሟሚው ውስጥ ይጨመር፤ በሦስተኛው ከመነሻው በደሙ ውስጥ ይጨመር። ደግሞ ደም ሳይነካው በንጹሕ ማሟሚያ ብቻ የተዘጋጀ አንድ መነጻጸሪያ ይኑርዎ። የመጀመሪያው ስብስብ ከመነጻጸሪያው በግልጽ ካነሰ ምልክቱን እያፈነው ያለው የደሙ ቅሪት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ካነሰ የጠፋው ናይትሮጂኑ ሥር ነው፤ አሲድ ያለበትን ሜታኖል ጨምረው ይድገሙት። ሁለተኛው ደህና ሆኖ ሦስተኛው ብቻ ከወረደ ደግሞ ፒኤቹ አልደረሰም፤ ደም ራሱ ጠንካራ በፈር ስለሆነ የጨመሩትን ወደ ታች ይጎትተዋልና፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ትተው ደሙና በፈሩ ከተቀላቀሉ በኋላ ከቱቦው አንዲት ጠብታ በፒኤች ወረቀት ላይ አድርገው ያንብቡት።